ቅንጡ ስፖርት ሴዳኖችን በወሎ ከፍታ ማወዳደር፦ ከወረቀቱ ቁጥር እስከ ሐረጎ ዳገት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሆነው ሁለት ቅንጡ ስፖርት ሴዳኖችን ለማወዳደር ከተነሡ፣ ፋብሪካው ያተመውን የጉልበት ቁጥር እንዳለ አይቀበሉት። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለባሕር ጠረፍ አየር የተሰላ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አንዳንዱ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያጣል፣ ሌላው ብዙውን ይዞ ይቀጥላል። በወረቀት ላይ አንደኛ የነበረው መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ሲወጣ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የገዢው ምርጫ ቀድሞ ከገቡት ያገለገሉ መኪኖችና ከኤሌክትሪኮቹ መካከል ሆኗል። ስለዚህ የተሳሳተ ምርጫ ዛሬ በጣም ውድ ነው። የሚከተለው አሠራር ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ውድ መሣሪያ ግን አይፈልግም።

1. እውነተኛ ተቀናቃኞችን ይለዩ

ውድድር ትርጉም የሚኖረው አንድ ዓይነት ገዢ አስበው የተሠሩ፣ በዘመንም የሚቀራረቡ መኪኖች ሲገናኙ ነው። በዚህ መደብ ታሪክ ደስ የሚለው ዘመን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የነበረው ነው። ቢኤምደብሊው ኤም3 ባለ 4.0 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሆኖ 420 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የአውዲ አርኤስ4 በ4.2 ሊትር ቪ8 ሞተሩ ያንኑ 420 ይዞ በአራቱም እግሩ ይጎትት ነበር። መርሴዲስ ሲ63 ኤኤምጂ ከ6.2 ሊትር 457፣ ሌክሰስ አይኤስ ኤፍ ከ5.0 ሊትር 423 ያወጡ ነበር። አራቱም ያለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ)፣ በራሳቸው ትንፋሽ የሚሠሩ ቪ8 ነበሩ። ስለዚህ ከፍታው አራቱንም በተመሳሳይ መጠን ይጎዳቸዋል፤ ደሴ ላይ ቢሰለፉም ደረጃቸው እምብዛም አይናወጥም።

ቀጣዩ ትውልድ ግን ወደ ቱርቦ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤም3 ባለ 3.0 ሊትር መንታ ቱርቦ ሲሆን 431 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሲ63 ቀጣይም 4.0 ሊትር መንታ ቱርቦ ሆኖ በኤስ ሞዴሉ 510 ደረሰ። የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮም በ2.9 ሊትር መንታ ቱርቦ ሞተሩ 510 አለው። አንዱን መኪና ከአሮጌው፣ ሌላውን ከአዲሱ ትውልድ ወስደው ወሎ ላይ ካወዳደሩ የሚያወዳድሩት ሁለት መኪና ብቻ አይደለም፤ ከፍታን የሚቋቋሙባቸውን ሁለት መንገዶች ጭምር ነው።

አብዛኛው ገዢ በዚህ ጫፍ ላይ አይገዛም። የሚያየው ቢኤምደብሊው 328አይ፣ መርሴዲስ ሲ250፣ አውዲ ኤ4 ባለ 2.0 ቱርቦ፣ ሌክሰስ አይኤስ250 ወይም አይኤስ350 ነው። አሠራሩ ለእነዚህም ያው ነው፤ ምሳሌዎቼንም ከዚህ እወስዳለሁ።

2. የወረቀቱን ቁጥሮች ወደ አንድ መለኪያ ያምጡ

ሻጭ የሚነግርዎት ቁጥር ከየት አገር ሰነድ እንደተወሰደ ይጠይቁ። የአውሮፓ የፈረስ ጉልበትና የአሜሪካ የፈረስ ጉልበት እኩል አይደሉም፤ 100 ኪሎዋት በአውሮፓው 136፣ በአሜሪካው 134 ነው። ሁሉንም ወደ ኪሎዋት ይቀይሩና ይገላገሉ።

የፍጥነት መጨመሪያ ሰዓቱ የበለጠ ያሳስታል። አሜሪካኖች ከዜሮ እስከ 60 ማይል ይለካሉ፤ ይህም 96.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው እንጂ 100 አይደለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የአሜሪካ መጽሔቶች ሰዓቱን የሚጀምሩት መኪናው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ በኋላ ስለሆነ፣ ከሁለት እስከ ሦስት አስረኛ ሰከንድ በነጻ ያተርፋል። በዚህ ዓይነት የተለካን መኪና በአውሮፓ ልማድ ከተለካ ጋር ማስተያየት ለአንዱ ማድላት ነው። ክብደትም እንዲሁ ነው፤ በአውሮፓ ሰነድ የባዶ መኪና ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ግራም ለሾፌርና ለዕቃ ይካተታል፣ በአሜሪካው ሾፌር አይቆጠርም።

3. ቁጥሮቹን ደሴ ያውጧቸው

የጠቅላላው ሥራ እምብርት ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለግምት ያህል በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ይቀንሱ፤ ከሚሴ ላይ 15 በመቶ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 20 የሚጠጋ፣ ደሴ ላይ 25 ይሆናል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ፣ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ቱርቦውን በበለጠ ፍጥነት በማሽከርከር የጎደለውን አብዛኛውን ያካክሳል።

አሁን ሌክሰስ አይኤስ350ን ከቢኤምደብሊው 328አይ ጋር እናስተያይ። አይኤስ350 ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሲሆን ቱርቦ የለውም፤ 228 ኪሎዋት አለው። 328አይ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሲሆን 180 ኪሎዋት አለው። ሌክሰሱ ወደ 1,630፣ ቢኤምደብሊውው ወደ 1,550 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብለን እናስላ። በወረቀት ላይ ሌክሰሱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 140 ዋት፣ ቢኤምደብሊውው 116 ዋት ያዋጣል፤ ልዩነቱ የሚያከራክር አይደለም። ደሴ ላይ ግን ሌክሰሱ ሩቡን አጥቶ ወደ 171 ኪሎዋት ይወርዳል፤ ለኪሎ ግራም 105 ዋት ማለት ነው። ቢኤምደብሊውው 5 በመቶ ቢያጣ እንኳ እሱም 171 ኪሎዋት ይዞ፣ በቅለቱ ምክንያት 110 ዋት ላይ ይቆያል። ደረጃው ተገለበጠ።

ስሌቱ ግን ሙሉውን ነገር አይነግርዎትም። ቱርቦው ግፊት እስኪፈጥር ድረስ 328አይ በሳሳ አየር የሚተነፍስ ትንሽ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ብቻ ነው፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ቱርቦው ለመነሣት ትንሽ ይዘገያል። በደሴ መሐል ከተማ ከቆሙበት ሲነሡ፣ ባጃጅ አሳልፈው እንደገና ሲቆሙ፣ የሌክሰሱ 3.5 ሊትር የበለጠ ታዛዥ ሆኖ ሊሰማዎት ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን ውጤት አድርገው ሳይሆን መንገድ ላይ የሚፈተን ግምት አድርገው ይያዙት።

ግምቱን ለማጣራት ከመሪው በታች ባለው ሶኬት የሚሰካ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ አነስተኛ የኦቢዲ መመርመሪያ ከስልክዎ ጋር ያገናኙ። በአብዛኞቹ መኪኖች የከባቢ አየር ግፊቱን ያነባሉ። ኮምቦልቻ 81 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ ደሴ ሲደርሱ 75 አካባቢ ካላሳየ አነፍናፊው ሳይበላሽ አይቀርም፤ የዚያን መኪና ሌሎች ንባቦችም በጥርጣሬ ይዩ።

ነዳጅንም እዚሁ ላንሣ። ብዙዎቹ እነዚህ መኪኖች ከፍተኛ ኦክቴን (ያለ ጊዜው መቃጠልን የመቋቋም ደረጃ) ያለው ቤንዚን እንደሚፈልጉ በነዳጅ ማስገቢያው ክዳን ውስጥ ተጽፎ ያገኛሉ፤ በማደያዎቻችን ግን ደረጃ የሚመርጡበት ቤንዚን የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ የሲሊንደር ግፊቱ ስለሚወርድ ዝቅ ያለ ኦክቴንን በቀላሉ ይችላል። ቱርቦ ያለው ግፊቱን ስለሚጠብቅ ማንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መቃጠል) ይመጣበታል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን የእሳቱን ጊዜ ያዘገያል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ቱርቦ ከፍታን ያሸንፋል የሚለው እውነት የሚቆመው ቤንዚኑ እስከፈቀደለት ድረስ ነው።

4. መኪኖቹን እኩል ያድርጉ

ያገለገሉ መኪኖችን ሲያወዳድሩ ትልቁ አደጋ የሞዴል ልዩነት የመሰለዎት የጥገና ልዩነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ጎማ ይቅደም። በጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግርዎታል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። አንዱ መኪና አዲስ፣ ሌላው ድርቅ ያለ አሮጌ ጎማ ካደረጉ ስለ ፍሬንና ስለ መታጠፍ የሚሰጡት ፍርድ የጎማ ፍርድ ብቻ ነው።

የጎማ ንፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፈተናው በሚደረግበት ከተማ ይሙሉ። ኮምቦልቻ የተሞላ ጎማ ደሴ ሲደርስ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ንባቡ ከፍ ይላል፣ ብርዱ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ ብሎ መገመት ግን አያስፈልግም፣ መለካት ይቻላል።

ቀጥሎ የስህተት ኮዶችን ያንብቡ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው በብርሃን ይዩ፣ ካንዴላዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ይጠይቁ። የራዲያተር ክዳኑን ችላ አይበሉ። ደሴ ላይ ውኃ ክፍት ሆኖ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሞተሩን ውኃ ከመፍላት የሚጠብቀው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ያለው መኪና ኮምቦልቻ ላይ ጤነኛ መስሎ ሐረጎ ላይ ሊያንተከትክ ይችላል። ክዳኑን ሞተሩ ግሎ ሳለ ፈጽሞ እንዳይከፍቱ።

ሁለቱም መኪኖች ግማሽ ታንክ ነዳጅና ተመሳሳይ ተሳፋሪ ይያዙ። የጭነት ሳጥኑም ባዶ ይሁን።

5. መለኪያዎን ያዘጋጁ

የመኪናው ፍጥነት መለኪያ እውነተኛውን ፍጥነት አይነግርዎትም። በአውሮፓው ደንብ መሠረት ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ማንበብ የለበትም፤ ከፍ ብሎ ማንበብ ግን እስከ 10 በመቶና በላዩ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ሁለት መኪኖች ሁለቱም 80 እያሳዩ በተለያየ ፍጥነት ሊሄዱ ይችላሉ። በተረጋጋ ፍጥነት እየተጓዙ የስልኩን ጂፒኤስና የመኪናውን ንባብ ጎን ለጎን ይመዝግቡና የየመኪናውን ስህተት ይወቁ።

ጂፒኤሱ ራሱ ሰዓት ለመያዝ አይበቃም። አብዛኛው ስልክ ቦታውን በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያድሳል፤ በአራት ሰከንድ በሚያልቅ ፈተና ላይ ይህ ከባድ ስህተት ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚያነብ የጂፒኤስ መሣሪያ የሚያውሰዎት ካገኙ ችግሩ ተፈታ። ካልሆነ ከጎን የተቀመጠው ሰው ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጸው። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ምስል ስለሚይዝ በኋላ ምስሎቹን ቆጥረው ጊዜውን በሠላሳኛ ሰከንድ ያውቁታል። ርካሽ ነው፣ በስህተት ልኬቱም ካስተካከሉት አስተማማኝ ነው።

6. ጉልበቱን በሜዳው ላይ ይለኩ

ከዜሮ እስከ 100 የሚባለውን ይተዉት። በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ከሰው ሕይወትም የሚበልጥ ውጤት የለም። ለዕለት ጉዞ የሚጠቅመው ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያለው ነው፤ ጭነት መኪና ሲያልፉ የሚያስፈልግዎት ጉልበት እዚያ ውስጥ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ሲወርዱ በጨፋ ሜዳ ላይ ቀጥ ያሉ የአስፋልት ክፍሎች አሉ። ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሩቅ እየታየ፣ የፍጥነት ምልክቱ በሚፈቅደው ውስጥ ብቻ ይሥሩ። ከብትና ግመል መንገድ የሚያቋርጡበት አገር ነው፤ የገበያ ቀን ከሆነ ጭራሽ አይሞክሩ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ አልመክርም፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት ነው፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው።

አንድ ሾፌር ሁለቱንም ይንዳ። ተራው መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ እንደገና ሌላው፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ይሁን። እንዲህ ሲደረግ ቀኑ እየሞቀ መሄዱም ሆነ የሾፌሩ እጅ መፍታቱ ለአንዱ አያዳላም። እያንዳንዱን ልኬት በሁለቱም አቅጣጫ ይድገሙና አማካዩን ይውሰዱ፤ ዓይን የማያየው ተዳፋትና ነፋስ በዚህ ይጣፋሉ። ኤሲው ይጥፋ፣ የሁለቱም የስፖርት ሁኔታ አንድ ዓይነት ይሁን።

ከተቻለ ይህንኑ ፈተና ሌላ ማለዳ ደሴ አካባቢ ባሉ ረጋ ያሉ መንገዶች ላይ ይድገሙት። ወሎ ለዚህ የታደለ አገር ነው፤ ከከሚሴ ተነሥቶ ደሴ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ በጥቂት ሰዓት ይወጣል። አንዱ መኪና ከፍታው ሲጨምር ምን ያህል እንደደከመ፣ ሌላው ምን ያህል እንደጸና በገዛ ቁጥሮችዎ ያያሉ። በደረጃ 3 የሠሩት ግምት እውነት መሆኑ ወይም መፍረሱ የሚታወቀው እዚህ ነው።

7. ሐረጎን ወጥተው ይውረዱ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። ሐረጎ ላይ ሰዓት አይያዝም። ጠመዝማዛ ነው፣ አይሱዙ ከፊት ያዘግማል፣ በክረምት ጉም ይጥላል። የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም መኪኖች በሰልፉ ፍጥነት እየነዱ፣ ካምቢዮው ማርሽ ምን ያህል እንደሚያማርጥ ያስተውሉ። ጉልበት ያነሰው መኪና ከታጠፈ በኋላ ሁሉ ሁለት ማርሽ ይጥላል፣ ይጮኻል፣ መልሶ ይጨምራል። ጉልበት ያለው አንድ ማርሽ ይዞ በጸጥታ ይወጣል። ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደረገጡ ከኦቢዲው በመቶኛ ያንብቡ፤ በእኔ እምነት ለወሎ ኑሮ ከማንኛውም የሰከንድ ቁጥር የበለጠ የሚናገረው ይህ ንባብ ነው። የውኃውንና የገቢ አየሩን ሙቀትም ይያዙ።

መውረዱ ስለ ፍሬን ነው። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል የሆነ ቦታ መጣል አለበት፤ ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፣ ከፊሉ በሞተሩ ይያዛል፣ የቀረው ዲስክና ሸራ ላይ ሙቀት ይሆናል። ከመውረድዎ በፊት የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይወቁ። ዶት 4 የተባለው ደረጃ የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያዛል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይህ ገደብ 155 ይሆናል። በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። ትልቅ መጠን ያለው ቪ6 በሞተሩ የበለጠ ይይዛል፤ ትንሹ ቱርቦ ፍሬኑን አዘውትሮ ያስነካዎታል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆመው ፔዳሉ ለስልሶ እንደሆነ፣ መሪው በፍሬን ጊዜ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ ከየትኛው እግር እንደሆነ ይመዝግቡ። ዲስኩን በእጅ አይንኩ።

የአራት እግር ጉተታ ዋጋም እዚህ መንገድ ላይ ይለያል። በደረቅ አስፋልት የኋላ ጎታቹ የበለጠ ያስደስታል፤ በሐምሌ ዝናብ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ሲወርድ የአውዲ ኳትሮ ወይም የቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ ልብ ያሳርፋል። ዓመቱን ሙሉ ሐረጎን የሚመላለሱ ከሆነ ለዚህ ብዙ ነጥብ ይስጡ።

8. ከተማውን አይርሱ

በኮብልስቶን መንገድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ቀስ ብለው ይንዱ። ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ጎማ በፎቶ ያምራል፤ ጉድጓድ ሲመታ ግን ቸርኬ ይጣመማል። የሆዱ ክፍል ጉብታ ቢነካ የትኛው መኪና እንደሆነ ይጻፉ። ፋብሪካው ያለ ንፋስ የሚሄድ ጎማ የገጠመላቸው ቢኤምደብሊውዎች ጎማቸው ወደ መደበኛ ከተቀየረ ትርፍ ጎማ ላይኖራቸው ስለሚችል የጭነት ሳጥኑን ከፍተው ይዩ።

9. ኤሌክትሪክ ካለ ለብቻው ይቁጠሩት

እንደ ቢዋይዲ ሲል ያለ ኤሌክትሪክ ሴዳን አየር አይተነፍስም፤ ጉልበቱ ጨፋ ላይም ደሴ ላይም ያው ነው። ባለ ሁለት ሞተሩ 390 ኪሎዋት ስላለው በጉልበት ከላይ ከጠቀስኳቸው መካከለኛ መኪኖች ጋር አይወዳደርም፣ ይበልጣቸዋል። የእሱ ጥያቄ ባትሪው ነው። ከነተሳፋሪው 2,300 ኪሎ ግራም ሆኖ ሐረጎን ሲወጣ፣ ከተለመደው ፍጆታ ሌላ ለከፍታው ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ይሞላል። ባትሪውን ደሴ ላይ ሙሉ በሙሉ ሞልተው ከወረዱ ግን መመለሻ ቦታ ስለሌለው ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመውረድ ሲነሡ ትንሽ አጉድለው ይነሡ።

10. ፍርዱን ይጻፉ

የየመስኩን ክብደት ከመንዳትዎ በፊት በወረቀት ይወስኑ፤ ከነዱ በኋላ ከወሰኑ ልብዎ ለወደደው መኪና ያደላል። ኮምቦልቻ እየሠራ ደሴ ለሚያድር ሰው ዳገትና ፍሬን ከግማሽ በላይ ሊይዙ ይገባል። ወልድያና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ማለፊያ ጉልበቱና የወንበሩ ምቾት ይቀድማሉ።

ቁጥሮቹን ሲያዩ፣ የአንዱ መኪና ፈተናዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩበትን መጠን መጀመሪያ ይለኩ። ያው መኪና በያው መንገድ አንዴ 4.6፣ አንዴ 4.9 ሰከንድ ካመጣ፣ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለ የ0.2 ሰከንድ ልዩነት ምንም አይደለም፤ እኩል ብለው ይመዝግቡ። እኩል የሆኑትን መስኮች ሁሉ ከሰረዙ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ልዩነቶች ናቸው። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ወደሚያምኑት ጋራዥ ይሂዱና ለሁለቱም መኪኖች የፍሬን ዲስክ፣ የሾክ አብዞርበርና የቱርቦ ዋጋ፣ ዕቃውም በስንት ቀን እንደሚመጣ ያስጽፉ፤ ዋጋ የሚደራደሩት ይህ ሁሉ በእጅዎ ሲገባ ነው።